ቱቦና ቫልቭ በምን ይለይ? ቀለም፣ ስቲከር ወይስ ታርጋ፦ ለጎጃም ፋብሪካዎችና ዎርክሾፖች የንጽጽር መመሪያ

ጎጃም ውስጥ በሠራሁበት አንድ ፋብሪካ ሁለት ቱቦዎች ግድግዳውን ታከው ጎን ለጎን ይሄዱ ነበር። ውፍረታቸው እኩል፣ ቀለማቸውም ያው ግራጫ። በአንደኛው ለእጥበት የሚሆን ሙቅ ውሃ፣ በሌላኛው ቆዳ የሚያቃጥለው ኬሚካል፣ ኮስቲክ ሶዳ ያልፋል። የትኛው የቱ እንደሆነ አሳምረው የሚያውቁት በጥገና ክፍሉ ረጅም ዘመን ያገለገሉ አንድ ጋሼ ነበሩ። ሌሎቻችን ግራ ሲገባን «ጋሼ፣ የላይኛው ነው የታችኛው?» እንላለን፤ እሳቸውም በአገጫቸው ይጠቁሙናል። መለያችን ይኸው ነበር። አንድ ቀን ጋሼ ለለቅሶ ቢቸና ሄደው ሳለ፣ ከተቀጠረ ወር ያልሞላው ልጅ የሚያንጠባጥብ ዩኒየን (የቱቦ ማገናኛ) እንዲያጠብቅ ተላከ። ሙቅ ውሃ መስሎት ፈታው። ኮስቲኩ ክንዱ ላይ ፈሰሰ። ብዙ ደቂቃ ከውሃ ሥር አቆይተነው ሐኪም ቤት ወሰድነው፤ ዳነ፣ ጠባሳው ግን አልለቀቀውም።

በዚያው ሳምንት ስቲከር አሳትመን ለጠፍን። ክረምቱ ሳይወጣ ግማሹ ወለል ላይ ተገኘ። ቀጥለን ቀለም ቀባን፤ በጋልቫናይዝድ (ዚንክ በተለበጡ) ቱቦዎች ላይ ያለው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተላጠ ተነሳ። «ይህን ምልክት ምን ያጠፋዋል?» ብለን የጠየቅነው ገንዘባችን ሁለት ጊዜ ከፈሰሰ በኋላ ነው። ሙቀት ነው? እርጥበት ነው? ፀሐይ ነው? ወይስ በየቀኑ የሚረጭበት ማጠቢያ? ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ የምመዝነው በዚሁ ጥያቄ ነው።

ቀለም፦ ርካሽ ነው፣ ግን ቱቦውን ይመርጣል

ቀለም በየትኛውም የወረዳ ከተማ ይገኛል፣ ቀቢም አይጠፋም። ለረጅም የውጭ መስመር፣ ለእሳት ማጥፊያ ውሃና ለጥቁር ብረት ቱቦ ከቀለም የተሻለ አላየሁም። ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ፣ ፀረ ዝገት ተቀብቶ፣ ከዚያ ዋናው ቀለም ከተደረበ ዓመታት ይቆያል።

ችግሩ ጋልቫናይዝድ ላይ ነው። የተለመደው የዘይት ቀለም በቱቦው ላይ ካለው ዚንክ ጋር ሲገናኝ ከሥሩ ቀስ በቀስ ወደ ሳሙናነት ይለወጣል። ላይ ላዩን ሲታይ ደህና ነው፤ ውስጡ ግን መያዣ የለውም፣ ስለዚህ በአንድ ክረምት ተልጦ ይወርዳል። የኛም የወረደው በዚህ ምክንያት ነው፣ ቀቢው ሰንፎ አልነበረም። ለጋልቫናይዝድ የተሠራ የመጀመሪያ ቅብ ካላገኛችሁ ቀለሙን ትታችሁ ታርጋ ወይም የቆርቆሮ ቀለበት አስሩ። ምግብና መጠጥ በሚመረትበት ክፍልም ከክፍት ማጠራቀሚያ በላይ በሚያልፍ ቱቦ ላይ ቀለም አልመክርም፤ የሚላጠው ነገር የሚወድቀው ምርቱ ውስጥ ነው።

ጽሑፉን በቀለም መጻፍ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የላቲን ፊደል ቆርጠው የሚያትሙ ሰዎች የማያውቁት ችግር የኛ ፊደል ላይ አለ። «ው» እና «የ» ሆዳቸው ዝግ ነው፤ ቀለም የሚረጭበት ላሜራ ወይም ካርቶን በፊደሉ ቅርጽ ሲቆረጥ የሆዱ ክብ አብሮ ይወድቃል፣ ሲረጭም ፊደሉ ድፍን ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናል። ቆራጩ ሆዱን ከዳሩ ጋር የሚያያይዝ ቀጭን ድልድይ እንዲተው አስቀድማችሁ ንገሩት። የምትጽፉት «ውሃ» እና «አየር» ብቻ ቢሆን እንኳ ድልድዩ ያስፈልጋል።

ስቲከር፦ ያማረ ጽሑፍ፣ ደካማ ሙጫ

ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ያለ ማስታወቂያ ቤት በፈለጋችሁት ቀለም፣ ጥርት ባለ የአማርኛ ፊደልና በቀስት ያትምላችኋል። ለዓይን የሚያረካ ይኼ ነው። ነገር ግን የተለመደው የቪኒል ስቲከር ከ80 ዲግሪ ሴልሺየስ ብዙም አያልፍም። በ7 ባር ግፊት የሚሠራ ቦይለር የሚያወጣው እንፋሎት ደግሞ 170 ዲግሪ ገደማ ነው። የሙቀት መከላከያ በሌለው የእንፋሎት ቱቦ፣ ፍላንጅ (በብሎን የሚያያዝ መገጣጠሚያ) ወይም ቫልቭ ላይ ስቲከር መለጠፍ ገንዘብ ማቃጠል ነው። ቱቦው የሙቀት መከላከያ ተጠቅልሎበት ከላይ አሉሚኒየም ቆርቆሮ ከለበሰ ግን ቆርቆሮው ላይ ያለ ስጋት ይለጠፋል። ቆርቆሮው እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ችግሩ ከስቲከሩ በፊት መከላከያው ላይ ነው፤ መጀመሪያ እሱን ጠግኑ።

ተቃራኒውም አለ። በክረምት፣ በተለይ እንጅባራና ደብረ ማርቆስን በመሰለ ብርዳማ አገር፣ የቀዝቃዛ ውሃ ቱቦ ቀኑን ሙሉ ያልበዋል። በላቡ ላይ የተለጠፈ ሙጫ አይዝም። እኛ የለጠፍነው ሐምሌ ላይ ነበር፤ የወረደውም ለዚህ ነው። ስቲከር የምትመርጡ ከሆነ በበጋ፣ ውሃው ቆሞ ቱቦው ሲደርቅ፣ ቅባቱን በአልኮል ጠርጋችሁ ለጥፉ። ዋናው ምክሬ ግን ሌላ ነው፦ ከስቲከሩ ግራና ቀኝ የቀለም ቴፕ በቱቦው ዙሪያ ሙሉ በሙሉ አዙሩና ጫፉን በራሱ ላይ ደርቡት። ቴፕ ከቱቦ ይልቅ ከራሱ ጋር አጥብቆ ይያያዛል።

ፀሐይም ሌላ ጠላት ናት። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናቸው፤ የመጋቢት ፀሐይ ቀይ ህትመትን እንዴት እንደምታነጣ የሱቅ ማስታወቂያዎችን ያየ ሁሉ ያውቃል። ለውጭ ከሆነ ከላይ የፀሐይ መከላከያ ፊልም ይደረብበት፣ ወይም ጭራሽ አይሁን። አንድ ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ ለወተትና ለመጠጥ ማቀነባበሪያዎች፦ ሙቅ ነገር በሚያልፍበት የማይዝግ ብረት ቱቦ ላይ የፒቪሲ ቴፕ በቀጥታ አትለጥፉ። ከቴፑ የሚወጣው ክሎራይድ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኝ ብረቱን ይሰነጥቀዋል።

ከውጭ የሚመጣ፣ ቱቦውን እንደ አምባር የሚያቅፍ የፕላስቲክ መለያም አለ። ጥሩ ነው፤ ለጥቂት ቱቦ ብሎ ከውጭ ማስመጣት ግን ለትንሽ ድርጅት አያዋጣም። በእሱ ፋንታ የአካባቢ ብረታ ብረት ሠራተኛ ቀጭን ላሜራ ቆርጦ፣ በቱቦው ልክ አጥፎ፣ በፋሼታ (በብረት ማጥበቂያ ቀበቶ) ያስርላችኋል። ቀለሙና ጽሑፉ ላሜራው ላይ ይሆናል። ሙጫ የለ፣ ዚንክ የለ፣ ላብም አያወርደው። አሁን እኔ የማዘወትረው ይህን ነው።

ቫልቭ ላይ፦ ታርጋ፣ ግን ከምን የተሠራ?

ቫልቭ ላይ ስቲከር ቦታ የለውም፤ ቅርጹ ጠማማ ነው፣ እጅም ይነካካዋል። የሚንጠለጠል ታርጋ ነው የሚሆነው። ማኅተምና የበር ስም የሚቀርጹ ቤቶች በብረትም በፕላስቲክም ይቀርጹታል፤ እነሱ ከሌሉ በመዶሻ የሚመታ የቁጥርና የፊደል ማኅተም ይበቃል።

እዚህ ላይ የሚሳሳት ብዙ ነው፤ አሉሚኒየም ቀላልና ርካሽ ስለሆነ ለሁሉም ያሠራል። ኮስቲክ ሶዳ ግን አሉሚኒየምን ይበላል፣ ሲበላውም ሃይድሮጅን ጋዝ ይወጣል። ኮስቲክ በሚያንጠባጥብበት ቫልቭ ሥር የተሰቀለ የአሉሚኒየም ታርጋ ቁጥሩ የሚጠፋው በጣም በምትፈልጉት ሰዓት ነው። ነሐስ ደግሞ አሞንያ አይወድም፤ በአሞንያ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ካላችሁ ነሐሱ ይሰነጣጠቃል። የማይዝግ ብረት ለሁለቱም ይሆናል፣ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ክሎሪን ባለበት የውሃ ማከሚያ ክፍል ጠንካራ የተቀረጸ ፕላስቲክ ይበልጣል፤ እርጥብ ክሎሪን የማይዝገውንም ብረት ያዝገዋል። ላሚኔት የተደረገ ወረቀት ለጊዜያዊ ሥራ እንጂ ለቋሚ አልቀበልም፤ ለገመዱ የተበሳው ቀዳዳ ውሃ ያስገባና ወር ሳይሞላ ይሻግታል።

ማንጠልጠያው ከታርጋው እኩል ያሳስባል። ነጩ የፕላስቲክ ማሰሪያ ፀሐይ ሲመታው ይደርቅና ይበጠሳል፤ ለውጭ ጥቁሩን ግዙ። ሙቀት ባለበት ሁሉ ሰንሰለት ወይም የማይዝግ ሽቦ ነው። ታርጋውን መሪው ላይ፣ ማለትም በምናዞረው ክብ እጀታ ላይ፣ አትስቀሉት። እጀታ ይሰበራል፣ ከሌላ ቫልቭም ተፈትቶ ይመጣል፣ ታርጋውም አብሮት ይሄዳል። በቫልቩ አካል ወይም አንገቱ ላይ እሰሩት።

ታርጋው ላይ ምን ይጻፍ? ቁጥር፣ የሚያልፈው ነገር፣ ቫልቩ የሚያቋርጠው ወዴት የሚሄደውን እንደሆነ፣ እና ዘወትር ክፍት ነው ወይስ ዝግ። የመጨረሻው የሚዘነጋው ነው። ሩብ ዙር የሚዞረው ቦል ቫልቭ እጀታው ከቱቦው ጋር ትይዩ ከሆነ ክፍት፣ ከተሻገረ ዝግ እንደሆነ ከሩቅ ይነግራችኋል። ቧንቧ ሠራተኞቻችን ሳራቺኔስካ የሚሉት ጌት ቫልቭ ግን ብዙው ዓይነት ሲታይ አይናገርም፤ ክፍትም ዝግም ሆኖ መሪው ያው ነው። ስለዚህ ብር ካጠረ መጀመሪያ ሳራቺኔስካዎቹን ሰይሙ። ቁጥሮቹ ደግሞ በአንድ መዝገብ ይያዙ፣ አንድ ቅጂ ጥበቃ ቤት ይቀመጥ፤ ሌሊት አደጋ ሲመጣ ቁልፍ ያለው ጥበቃው ነው።

ይህ ቋሚ ታርጋ ለጥገና ሲባል ቫልቭ ዘግቶ በጓጉንቸር ከመቆለፍና «ሰው እየሠራ ነው፣ አትክፈት» የሚል ካርድ ከመስቀል ጋር አይምታታ። ያ የሚሰቀለውና የሚነሳው በሠራተኛው በራሱ እጅ ነው። የሁለቱ ቀለምና ቅርጽ ይለያይ።

የቀለም ሥርዓት፦ የማን?

የጎጃም ፋብሪካዎች ዕቃ ከአንድ አገር አልመጣም። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከጣሊያን የጦር ካሳ ጋር በተያያዘ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ተተከለ፤ ዛሬ የሚገባው ማሽን ደግሞ ከቻይና፣ ከህንድ፣ ከጀርመንና ከቱርክ ነው። እያንዳንዱ ቀለሙን ይዞ ይመጣል፣ ቀለሞቹም ይጋጫሉ።

ቀይን ውሰዱ። በአሜሪካው የቱቦ መለያ ደረጃ ኤኤስኤምኢ ኤ13.1 እና በእንግሊዙ ቢኤስ 1710 ቀይ ማለት እሳት ማጥፊያ ነው። በጀርመኑ ዲን 2403 እና በቻይናው ጂቢ 7231 ቀይ ማለት እንፋሎት ነው። እሳት ሲነሳ ወደ ቀዩ ቱቦ ሮጦ ቫልቩን የሚከፍት ሰው 170 ዲግሪ እንፋሎት ይጠብቀው ይሆናል። ሰማያዊም እንዲሁ፦ በአሜሪካው የታመቀ አየር፣ በእንግሊዙ ፈዛዛው ሰማያዊ አየር፣ በጀርመኑ ግን ኦክስጅን። የኮምፕሬሰር አየር መስሎት ልብሱን በኦክስጅን ያናፈሰ ብየዳ ሠራተኛ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። አሲድና አልካሊ (እንደ ኮስቲክ ሶዳ ያለው) በእንግሊዙና በቻይናው ሐምራዊ ናቸው፤ ጀርመኑ አሲድን ብርቱካንማ፣ አልካሊን ሐምራዊ ያደርጋል፤ አሜሪካው መርዛማና የሚያቃጥል ኬሚካልን በብርቱካንማ መደብ በጥቁር ፊደል ያስቀምጣል። ዕድላችን ውሃ በአራቱም አረንጓዴ መሆኑ ነው።

የትኛውን ልምረጥ ለሚለኝ ሰው የምመልሰው እንዲህ ነው። ያለው ከአንድ አገር የመጣ ሙሉ መስመር ብቻ ከሆነ አቅራቢው ያመጣውን ቀለም ይጠብቅ፣ ሰንጠረዡን ተርጉሞ ግድግዳ ላይ ይስቀል። ድብልቅልቅ ዕቃ ያለው ደግሞ የእንግሊዙን ይያዝ እላለሁ። ምክንያቴ እንፋሎት እዚያ ብርማ ግራጫ ነው፤ የሙቀት መከላከያው ላይ የሚለብሰው አሉሚኒየም ራሱ ያንኑ ቀለም ስለሚመስል ሥራ ይቀልላል፣ ቀይም ለእሳት ብቻ ይቀራል። ቢኤስ 1710 ቱቦውን ሁሉ ቀቡ አይልም፤ 150 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ቀበቶ ይበቃዋል። አንዱን ከያዛችሁ በኋላ በግቢው ውስጥ ሌላ ቀለም አይቆይ። ግማሹ ዲን፣ ግማሹ ቢኤስ የሆነ ግቢ ምንም ካልተቀባው ይከፋል፤ ያልተቀባው ቢያንስ አያታልልም።

ቀለም ብቻውን ግን አትመኑ። ቀይና አረንጓዴ የማይለዩ ሰዎች በመካከላችን አሉ፣ ብዙዎቹም ራሳቸው አያውቁትም። ቢጫ የሶዲየም መብራት በሚበራበት ክፍል ደግሞ ሰማያዊና አረንጓዴ ለማንም ሰው ዓይን አንድ ይሆናሉ። ቀለም ከሩቅ ይጠራል፤ የሚያረጋግጠው ጽሑፉ ነው።

ቋንቋውና የፊደሉ መጠን

አማርኛ ይቅደም፣ እንግሊዝኛ ከሥር ትንሽ ይሁን፤ ከውጭ የሚመጣ ባለሙያም ይረዳዋል። ቃሉ ግን ሠራተኛው የሚጠራው ይሁን። በፋብሪካችሁ ሁሉም «ስቲም» የሚል ከሆነ «ስቲም» ብላችሁ ጻፉ፤ «እንፋሎት» ማለት ውብ ነው፣ በጭንቅ ሰዓት ግን ማንም እንደዚያ ብሎ አይጮህም። በመጀመሪያ ፊደል አታሳጥሩ፤ «አ» አየርም፣ አሲድም፣ አሞንያም ነው።

የአሜሪካው መለኪያ የፊደሉን ቁመት ከቱቦው የውጭ ስፋት ጋር ያያይዘዋል። ከ19 እስከ 32 ሚሊ ሜትር ለሆነ ቱቦ 13 ሚሊ ሜትር፣ ከ38 እስከ 51 ለሆነ 19፣ ከ64 እስከ 152 ለሆነ 32፣ ከ203 እስከ 254 ለሆነ 64፣ ከዚያ በላይ ለሆነ 89 ሚሊ ሜትር ነው። ከ19 ሚሊ ሜትር ለቀጠነ ቱቦ ታርጋ ይንጠልጠል። ይህ የተለካው ለላቲን ፊደል ነው። የኛን ፊደል የሚለየው ግን ትንሽዬ ቅጥያ ናት፤ «በ»፣ «ቡ» እና «ቢ» ከሦስት ሜትር ርቀት አንድ ይመስላሉ። ስለዚህ ቱቦው በቻለው ሁሉ አንድ ደረጃ ከፍ አድርጉ።

ቦታውን በተመለከተ፦ ከቫልቭና ከፍላንጅ አጠገብ፣ ቱቦው በጎሚቶ ሲታጠፍ ወይም በቴ ሲከፈል፣ ግድግዳ ወይም ወለል ሲበሳ ከሁለቱም ወገን፣ በቀጥታ መስመር ላይ ደግሞ በየ8 እስከ 15 ሜትሩ። ቱቦው ከራስ በላይ ከሆነ ጽሑፉ ወደ ታችኛው ጎን ዞር ይበል፤ ከዓይን በታች ከሆነ ወደ ላይኛው። ፍሰቱ ወዴት እንደሆነ ቀስት ይኑር፣ በሁለቱም አቅጣጫ የሚሄድ ከሆነ ቀስቱ ሁለት ጫፍ ይኑረው። የተተወ ቱቦም ስም ይፈልጋል። «ከአገልግሎት ውጭ» ይባል እንጂ ማንም ከፍቶ ሳያረጋግጥ «ባዶ» ተብሎ አይጻፍበት።

ታዲያ የእኔ የቱ ነው?

ሁለት ፓምፕና አንድ ኮምፕሬሰር ብቻ ያለው የፍኖተ ሰላም ዎርክሾፕ ብዙ አይድከም፤ ቀለም ቀበቶ፣ ሰባት ስምንት የፕላስቲክ ታርጋ፣ ግድግዳ ላይ አንድ ሰንጠረዥ። የአንድ ቀን ሥራ ነው። ቦይለር ያለው ሆቴል ወይም ሆስፒታል የእንፋሎቱን መከላከያ አስተካክሎ በቆርቆሮው ላይ ስቲከር ይለጥፍ፣ ቫልቮቹ ላይ የማይዝግ ታርጋ በሰንሰለት ያድርግ፤ የሆስፒታሉ የኦክስጅን መስመር ሙሉ ስሙ በአማርኛ ተጽፎበት፣ ከሌላው ሁሉ ተለይቶ ይታይ። እንደ ቡሬ ባለ የኢንዱስትሪ አካባቢ ዘይት የሚያጣራ ወይም እህል የሚያቀነባብር ትልቅ ድርጅት የላሜራ ቀለበትና የተመዘገበ የቫልቭ ቁጥር ያስፈልገዋል፤ እዚያ ላይ መቆጠብ አይገባም። ኮስቲክ ያለው ማንኛውም ቤት፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ነገ ጠዋት ከኮስቲኩ ይጀምር።

ወጪው የማን ነው የሚል ክርክር በየስብሰባው ይነሳል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ የመውሰድ ግዴታ ያለበት አሠሪው እንደሆነ ይናገራል። ፎርማኑ ከኪሱ ስቲከር መግዛት የለበትም። ጉዳዩ በደኅንነት ኮሚቴ ሲቀርብ ዋጋውን ብቻ ይዛችሁ አትግቡ፤ ከላይ እንዳነሳሁት የእያንዳንዱን መስመር ምልክት ምን እንደሚያጠፋው ጽፋችሁ ግቡ። ሥራ አስኪያጅ በየዓመቱ የሚታደስ ርካሽ ስቲከርና አምስት ዓመት የሚቆይ ታርጋ ጎን ለጎን ሲያይ ሒሳቡን ራሱ ይሠራዋል።

ሁሉም ተሰቅሎ ካለቀ በኋላ በሌሊት ፈረቃ በቅርብ የተቀጠረውን ሰው ጥሩ። የእጅ ባትሪ ስጡትና «የኮስቲኩን ዋና ቫልቭ ፈልግና እጅህን ሳትነካው አሳየኝ» በሉት። ከኋላው ዝም ብላችሁ ተከተሉ፣ አትጠቁሙት። ቆሞ ዞር ዞር ያለበት ቦታ ላይ በኖራ ምልክት አድርጉ፤ ቀጣዩ ታርጋ የሚሰቀለው እዚያ ነው።